ውሽንፍሩ ሲመጣ ክሊኒኩ ዝግ ነው፦ ነጻ ሕክምና መስጫዎችና የአሜሪካ ብርድ

በሰሜን አሜሪካ የብርዱ ወራት በተቃረቡ ቁጥር አንዳንድ ነጻ ክሊኒኮች ለወትሮው ከሐኪም የማይጠበቁ ጥያቄዎችን መጠየቅ ይጀምራሉ። ደም ግፊቱን ሊለካ የሄደ ሰው ቤቱን በምን እንደሚያሞቅ ይጠየቃል። የስኳር መድኃኒቷን ልትቀበል የሄደች እናት መብራት ቢጠፋ ማን ዘንድ እንደምታድር ትጠየቃለች፤ ስትወጣም ከመድኃኒቱ ጋር የእጅ ባትሪ ወይም ብርድ ልብስ ይሰጣት ይሆናል። ይህን የሚያዩ ሰዎች ይገረማሉ። አንዳንዱ ክሊኒኩ ከሥራው የወጣ ይመስለዋል። ሌላው ደግሞ «ነጻ» የተባለ ነገር ሁሉ የመንግሥት ነው ብሎ ስለሚያምን፣ የሰጠው መልስ የት እንደሚደርስ ይሰጋል።

ነገሩን ለመረዳት ከአንድ ቀላል እውነታ መነሣት ይበቃል። የበረዶው ውሽንፍር በሚመጣበት ቀን ክሊኒኩ ዝግ ነው። ሐኪሞቹና ነርሶቹ በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ስለሆኑ በረዶ የሞላውን መንገድ አቋርጠው ሊመጡ አይችሉም፤ ታካሚውም ከቤቱ መውጣት አይችልም፤ አውቶቡስ ቆሟል፤ መብራት ጠፍቶ ሊሆንም ይችላል። እንዲህ ያለ ተቋም ለታካሚው ሊያደርግለት የሚችለው ነገር ሁሉ በረዶው ከመጣሉ በፊት የተደረገው ብቻ ነው።

«ክረምት» የሚለው ቃል የሚያሳስተው

ከቃሉ እንጀምር፤ ስሕተቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከእሱ ነው። በአማርኛ ክረምት ስንል ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን የዝናብ ወቅት ማለታችን ነው። ጭቃው፣ ጉሙ፣ የወንዙ ሙላት ነው ትዝ የሚለን። አሜሪካኖች «ዊንተር» የሚሉት ግን ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት የሚዘልቀው፣ ውኃ በቧንቧ ውስጥ እንዳለ የሚረጋበትና የተጋለጠ ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ የሚጎዳበት ወቅት ነው። ማስጠንቀቂያው «የክረምት ውሽንፍር» ተብሎ ሲተረጎም በቅርቡ የመጣ ሰው አእምሮ ውስጥ የሚመጣው ጥላና ካፖርት ነው።

ብርድን አናውቅም ማለት አይደለም። በደብረ ብርሃን ወይም በመንዝ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ እህል ያቃጥላል። ነገር ግን ረፋዱ ላይ ፀሐይ ታሸንፈዋለች። የሌሊቱን ብርድ በጋቢና በእሳት የተሻገረ ሰው አራት ሰዓት ላይ ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። በሚኒሶታ ወይም በሰሜናዊ ኒው ዮርክ ግን ፀሐይዋ እያበራች ብርዱ ለቀናት ሊከርም ይችላል። ከአገር ቤት የመጣው የብርድ ልምድ የተሠራው «ሌሊቱን ቻለው፣ ሲነጋ ያልፋል» በሚል ሐሳብ ላይ ነው፤ ይህ ሐሳብ ነው እዚያ የማያገለግለው።

የማስጠንቀቂያዎቹም ቃላት ማብራሪያ ያስፈልጋቸዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ጠባይ አገልግሎት «ዎች» የሚለውን ቃል የሚጠቀመው አደገኛው ሁኔታ ሊፈጠር እንደሚችል ሲገምት ነው፤ ትርጉሙ ገና ጊዜ አለ፣ ተዘጋጁ ማለት ነው። «ዋርኒንግ» ሲል ግን ሁኔታው ደርሷል፣ ሊደርስ ተቃርቧል ወይም የመድረሱ ዕድል ከፍተኛ ነው፤ ከዚያ በኋላ ገበያና ፋርማሲ ለመሄድ መነሣት ራሱ አደጋ ነው። አገልግሎቱ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ «የዊንድ ቺል ማስጠንቀቂያ» ይባል የነበረውን «የከባድ ብርድ ማስጠንቀቂያ» ብሎ ለውጦታል (ዓመታቱ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዊንድ ቺል የሚባለው ነፋስ ሲጨመርበት ብርዱ በሰውነት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ምን ያህል እንደሚከፋ የሚያሳይ ስሌት ነው። ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሺየስ እያሳየ ነፋሱ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ከነፈሰ፣ ቆዳ የሚሰማው ከዜሮ በታች 28 ዲግሪ ነው፤ በዚህ መጠን የተጋለጠ ቆዳ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሊሞት ይችላል።

አገልግሎቱ እስከ 2025 ድረስ ማስጠንቀቂያዎቹን እንደ ስፓኒሽ፣ ቻይንኛ፣ ቬትናምኛና ፈረንሳይኛ ባሉ ጥቂት ቋንቋዎች ሲያስተረጉም ቆይቷል፤ አማርኛ ከእነዚህ ውስጥ የለም። ያም አገልግሎት ራሱ በኤፕሪል 2025 የትርጉም ውሉ በማለቁ ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። በአንጻሩ የዋሽንግተን ዲሲ አስተዳደር በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ምክንያት ዋና ዋና ሰነዶቹን በአማርኛም ያወጣል። እንግዲህ አንድ አማርኛ ተናጋሪ ስለሚመጣበት ብርድ በገዛ ቋንቋው መስማት አለመስማቱ የሚወሰነው በየትኛው ከተማ በመኖሩ ነው። ክፍተቱን የሚሞላው ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ የማኅበረሰብ ማኅበር ወይም ክሊኒክ ነው።

ነጻ ክሊኒክ የማን ነው?

በአሜሪካ «ነጻ ክሊኒክ» የሚለው ስያሜ የታወቀው ከ1967 ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት በጁን ወር ዶክተር ዴቪድ ስሚዝ በሳን ፍራንሲስኮ ሄይት አሽበሪ ሠፈር ገንዘብ ሳይጠይቅ የሚያክም ክሊኒክ ከፈተ። ዛሬ በመላ አገሪቱ 1,400 ያህል ነጻና የበጎ አድራጎት ክሊኒኮች እንዳሉ ማኅበራቸው ይናገራል። አብዛኞቹ የሚተዳደሩት በስጦታና በፈቃደኛ ባለሙያዎች ጉልበት ሲሆን፣ የሚያክሙትም በዋናነት የጤና መድን የሌላቸውን ነው።

ከእነዚህ ጋር የሚምታቱት «የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች» የሚባሉት ናቸው። እነዚህ ከፌዴራል መንግሥት በጀት ይቀበላሉ፣ ሜዲኬይድን (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው መንግሥት የሚሰጠውን የጤና መድን) ጨምሮ ከመድን ያስከፍላሉ፣ መድን ለሌለውም ሰው እንደ ገቢው መጠን ዋጋ ይተምናሉ። ሦስተኛው መግቢያ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው፤ በ1986 የወጣው ሕግ ማንም ሰው የመክፈል አቅሙ ሳይጠየቅ ተመርምሮ ከአደጋ እንዲወጣ ያስገድዳል፤ ሂሳቡ ግን በኋላ በፖስታ እቤቱ ድረስ ይመጣል። በመካከል ደግሞ የተቀላቀለ አሠራር አለ። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ «ሞንትጎመሪ ኬርስ» በተባለ ፕሮግራም በግል ለሚተዳደሩ ክሊኒኮች መድን ለሌላቸው አዋቂዎች የሚሰጡትን ሕክምና በከፊል ይደጉማል።

ይህን ሁሉ መለየት የሚያስፈልገው አንዱ ምክንያት ፍርሃት ነው። በጃንዋሪ 2025 የፌዴራሉ መንግሥት የኢሚግሬሽን ሠራተኞች ሆስፒታሎችንና አብያተ ክርስቲያናትን ከመሰሉ ቦታዎች እንዲርቁ ያዝዝ የነበረውን መመሪያ ከሻረ ወዲህ፣ ወረቀታቸው ያልተስተካከለ ሰዎች ወደ ሕክምና መሄድ ይፈራሉ። ነጻ ክሊኒክ ቤትህን በምን ታሞቃለህ ብሎ ሲጠይቅ መልሱ የሚጻፈው በሕክምና መዝገብ ላይ ነው፤ የሕክምና መዝገብ ደግሞ በአብዛኛው በ1996 በወጣው የጤና መረጃ ሕግ የተጠበቀ ነው። ይህን በግልጽ የማያስረዳ ክሊኒክ ጥያቄውን ባይጠይቅ ይሻለዋል፤ ምክንያቱም የሚያገኘው መልስ እውነተኛ አይሆንም።

ብርድ በስንት መንገድ ይገድላል?

በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስን የመታው ብርድ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማስረጃ ትቶልናል። ከ4.5 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች ኤሌክትሪክ አጡ። የግዛቱ የጤና መሥሪያ ቤት በኋላ ባወጣው የመጨረሻ ቆጠራ 246 ሰዎች መሞታቸውን አረጋገጠ፤ ከተለመደው በላይ የሞቱትን በማስላት የተሠሩ ሌሎች ትንተናዎች ቁጥሩን ከዚህ እጥፍ በላይ ያደርሱታል። ከ246ቱ ውስጥ 161 የሞቱት የሰውነታቸው ሙቀት ወርዶ ነው። 25ቱ ቀድሞ የነበረባቸው በሽታ ተባብሶባቸው፣ 22ቱ በመኪና አደጋ፣ 19ኙ ካርቦን ሞኖክሳይድ በተባለው ከቃጠሎ የሚወጣ ጋዝ ተመርዘው፣ 10ሩ በእሳት፣ 9ኙ ደግሞ ወድቀው ሞተዋል።

ይህን ዝርዝር ያየ ሰው ሁለት ነገር ልብ ይላል። አንደኛ፣ አብዛኞቹ የሞቱበት ምክንያት «ሃይፖሰርሚያ» ነው። ይህ የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ የሚመጣ ሲሆን፣ የሚያስፈራው ነገር አእምሮን አስቀድሞ መያዙ ነው። ሰውየው መንቀጥቀጡን ያቆማል፣ ንግግሩ ይተሳሰርበታል፣ እንቅልፍ ይጥለዋል፣ አደጋ ላይ መሆኑንም አያውቅም። አረጋዊ ሰው ለዚህ ደጅ መውጣት አያስፈልገውም፤ ማሞቂያ በሌለው መኝታ ክፍል ውስጥ ሊደርስበት ይችላል። አረቄ የሚያሞቅ የሚመስለው የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚከፍት ነው፤ ሙቀቱ ግን ከውስጥ አካል ወጥቶ ይባክናል።

ሁለተኛ፣ ከሞት መንገዶቹ ብዙዎቹ ሐኪም አስቀድሞ በሚጠይቀው ጥያቄ ሊደረስባቸው የሚችሉ ናቸው። ብርድ የደም ሥሮችን ያጠብባል፣ ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ በዚያ ላይ በረዶ መዛቅ ሲጨመር ልቡ የደከመ ሰው ሊወድቅ ይችላል። ደረቅና ቀዝቃዛ አየር አስም ያለበትን ሰው ደረት ያፍናል። ታካሚው ልቡ እንደደከመ የሚያውቀው ክሊኒክ፣ በረዶውን የሚዝቅለት ሰው እንዳለው ቢጠይቀው ከሥራው አልወጣም።

እሳቱንም አንርሳ። በጃንዋሪ 9 ቀን 2022 በኒው ዮርክ ብሮንክስ በአንድ ከፍተኛ የመኖሪያ ሕንፃ ላይ የተነሣው እሳት 17 ሰዎችን ገደለ፤ ብዙዎቹ ከጋምቢያ የመጡ ቤተሰቦች ነበሩ። መነሻው ያለማቋረጥ ይሠራ የነበረ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። የገደላቸው ግን በራሱ መዘጋት ሲገባው ክፍት በቀረ በር በኩል ወደ ላይኞቹ ፎቆች የወጣው ጭስ ነበር። እንዲህ ያለው ማሞቂያ ከመጋረጃና ከአልጋ ቢያንስ 1 ሜትር መራቅ፣ በማራዘሚያ ገመድ ሳይሆን በቀጥታ ግድግዳው ላይ መሰካት፣ ሰው ሲተኛም መጥፋት አለበት።

ከሰል በአዲስ አበባ፣ ከሰል በሂውስተን

በቴክሳሱ ብርድ ሳምንት በሂውስተን ከተማ በካርቦን ሞኖክሳይድ ሕይወታቸው ካለፈ ሰዎች መካከል ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ለሙቀት ብሎ ከቤት ጋር በተያያዘ ጋራዥ ውስጥ መኪና ማስነሣት፣ ከሰል ሳሎን ማስገባት፣ ጄኔሬተር በረንዳ ላይ ማቆም፦ በዚያ ሳምንት ብዙ ቤተሰብ ያደረገው ይህንን ነው። በዚያን ጊዜ ቴክሳስ ውስጥ በየመኖሪያ ቤቱ የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወል እንዲኖር በግዛት ደረጃ የሚያስገድድ ሕግ አልነበረም።

ከዚያ በፊትም በዲሴምበር 2006 የሲያትልን አካባቢ ከባድ ነፋስ መትቶ መብራት ለቀናት ሲጠፋ ከ200 በላይ ሰዎች በዚሁ ጋዝ ተመርዘው ታክመዋል፤ የሞቱም አሉ። በከሰል ከተመረዙት ብዙዎቹ ከእስያና ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። የሲያትል ታይምስ ጋዜጣ ማስጠንቀቂያውን በመጀመሪያ ገጹ በስድስት ቋንቋዎች እስከማተም ደረሰ። ሲያትል የምትገኝበት የዋሽንግተን ግዛት በ2009 በመኖሪያ ቤቶች ደወል እንዲኖር የሚያስገድድ ሕግ ያወጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ለምን ስደተኞች በብዛት? ቀላሉ መልስ «አያውቁም» የሚል ነው፤ ይህ መልስ ግን ፍትሐዊ አይደለም፣ ትክክልም አይደለም። የእኛ ሰው ከሰል አደገኛ መሆኑን ያውቃል። በአዲስ አበባ በየብርዱ ወቅት በከሰል ጭስ ስለሞተ ቤተሰብ ያልሰማ ሰው የለም፤ የከተማዋ የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽንም ደጋግሞ ያስጠነቅቃል። የሚያሳስተው አለማወቅ ሳይሆን ለሌላ ቤት የተሠራ ዕውቀት ነው።

አገር ቤት ጥንቁቅ ሰው ከሰሉን ደጅ ያቀጣጥለዋል፤ ጭሱ ወጥቶ ፍም እስኪሆን ይጠብቃል፤ ከዚያ ለቡናም ለሙቀትም ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ጭሱ ካለቀ አደጋው ያለቀ ይመስላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ከሚታየው ጭስ የተለየ ነገር ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። የሚወጣውም ከሰሉ ቀልቶ ሲግል ጭምር ነው። በብዙው የአገር ቤት ቤት ይህ ጋዝ በቆርቆሮው ክፍተት፣ በበሩ ሥርና በመስኮቱ ንቃቃት የተወሰነው ይወጣል። ያም ሆኖ ይገድላል። የአሜሪካ ቤት ደግሞ ሙቀት እንዳያመልጥ ተብሎ የታሸገ ነው፤ ከዚህ በላይ ቤዝመንት (ከምድር በታች ያለ ክፍል) የተከራየ ሰው ትንሽ መስኮቱን በፕላስቲክና በብርድ ልብስ ይደፍነዋል። ያው ከሰል በዚህኛው ቤት የሚያደርገው ሌላ ነው።

ጋዙ ገዳይ የሆነው ሄሞግሎቢን ከሚባለው ኦክስጅን ተሸካሚ የደም ክፍል ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ስለሚጣበቅ ነው። ሰውየው አየር እየሳበ ሰውነቱ ኦክስጅን ያጣል። የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ናቸው፤ ማለትም በዚያው ወቅት ከሚበዛው ጉንፋን ጋር ይመሳሰላሉ። ልዩነቱን የሚያሳዩት ጥቂት ነገሮች ናቸው፦ ትኩሳት የለም፤ የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይታመማል፤ ደጅ ሲወጡ ይሻላቸዋል። ለክሊኒክም ወጥመድ አለው። ጣት ላይ የሚደረገው ተራ የኦክስጅን መለኪያ ሁለቱን ጋዞች መለየት ስለማይችል የተመረዘውን ሰው ደኅና ነው ይላል። ውድ የደም ምርመራ በሌለበት ነጻ ክሊኒክ፣ ይህን በሽታ የሚለየው «ቤት ውስጥ ምን ታነዳላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ብቻ ሊሆን ይችላል። የሚጠረጥር ቤተሰብ ደግሞ ምክንያት መፈለጉን ትቶ ሁሉም ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር መውጣትና 911 መደወል አለበት።

የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል እንደሚለው በየዓመቱ ከእሳት ቃጠሎ ውጭ በሆነ የካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ ከ400 በላይ ሰዎች ይሞታሉ፣ ከ100,000 በላይ ደግሞ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሄዳሉ። በባትሪ የሚሠራ ደወል ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የጭስ ደወል ግን ይህን ጋዝ አይለይም፤ ብዙ ተከራይ ጣሪያው ላይ የተሰቀለውን ክብ ነገር አይቶ ሁለቱንም የሚጠብቅ ይመስለዋል። ጄኔሬተር ከመስኮትና ከበር ቢያንስ 6 ሜትር መራቅ አለበት፤ የምግብ ማብሰያ የጋዝ ምድጃም የቤት ማሞቂያ አይደለም። በከሰል ላይ ለሚፈላ ቡና ደግሞ የታሸገ ቤት ቦታው አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለ። ሥርዓቱ ያለው በጀበናውና በተሰበሰበው ሰው ዘንድ ነው፤ ከሰሉ ስለቀረ አይጎድልም።

መድኃኒቱ፣ መብራቱና ጾሙ

ሥር የሰደደ በሽታ ላለበት ሰው ውሽንፍር ማለት የፋርማሲ መዘጋት ነው። የመድን ድርጅቶች በአብዛኛው የ30 ቀን መድኃኒት ሳያልቅ አዲስ አይሰጡም፤ የአደጋ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ግን ይህን ገደብ የሚያላሉበት አሠራር አለ። መድን የሌለው ሰው እንዲህ ያለ ገደብ የለበትም፤ የእሱ ችግር ገንዘቡ ነው። ስለዚህ ከብርዱ ወራት በፊት የ90 ቀን መድኃኒት የሚሰጥ ክሊኒክ ለታካሚው ትልቅ ነገር አደረገለት።

ኢንሱሊንን በተመለከተ ያለው ግንዛቤ ግማሽ ነው። መሞቅ እንደሌለበት ሁሉም ያውቃል፤ ከረጋ በኋላ ግን ቢቀልጥም እንደማያገለግል ብዙ ሰው አያውቅም። መኪና ውስጥ ያደረ፣ ወይም መብራት ሲጠፋ «ብርዱ ይጠብቀዋል» ተብሎ መስኮት ላይ የተቀመጠ ኢንሱሊን መጣል አለበት።

በኤሌክትሪክ የኦክስጅን ማሽን የሚተነፍስ ታካሚ ስሙን ለኤሌክትሪክ ድርጅቱ አስቀድሞ ማስመዝገብ አለበት፤ ቅጹ የሐኪም ፊርማ ይጠይቃል፣ ፊርማው ደግሞ ከክሊኒኩ ነው የሚገኘው። ምዝገባው መብራት አይጠፋም ማለት አይደለም፤ ተጠባባቂ ሲሊንደር ያስፈልጋል። በሳምንት ሦስት ጊዜ ኩላሊቱን የሚያሳጥብ ሰው ማዕከሉ ከውሽንፍሩ በፊት ቀኑን እንዲያስቀድምለት መጠየቅ ይችላል። እጥበቱ ከዘገየበትም ፈሳሽን፣ ጨውንና ፖታሲየምን የሚቀንስ የጥቂት ቀን አመጋገብ አለ፤ ሙዝ፣ ድንችና ምስር ፖታሲየም ከሚበዛባቸው ውስጥ ናቸው። ለአደጋ ጊዜ የሚመከረው የታሸገ ምግብ ጨው የበዛበት መሆኑ ለዚህ ታካሚ የራሱ ችግር ነው።

ስለ ጾም የሚጠይቅ ቅጽ ብዙ ጊዜ የለም። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል፤ ዐቢይ ጾምም በብዙ ዓመት ብርዱ ሳይወጣ ይገባል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ሲቆይ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ስኳሩ የወረደ ሰውነት ደግሞ በደንብ አይንቀጠቀጥም፤ መንቀጥቀጥ ሙቀት የማምረቻ መንገድ ነውና ሰውየው ለብርዱ ይበልጥ ይጋለጣል። ሐኪሙ ጾሙን ካላወቀ መጠኑን አያስተካክልም፤ ታካሚው ካልተጠየቀ አይናገርም። እዚህ ላይ የንስሐ አባቱ ምክር ከሐኪሙ ምክር ጋር ቢገናኝ ሰው ይድናል፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾሙን የምታቀልበት ሥርዓት አላት።

ይህ የክሊኒክ ሥራ ነውን?

በዚህ ላይ የሚነሡት ሦስት አቋሞች ናቸው። የመጀመሪያው የጊዜ ጉዳይ ነው። በጎ ፈቃደኛ ሐኪም በሳምንት አንድ ምሽት ይመጣል፤ ለአንድ ታካሚ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ስለ ማሞቂያ ባወራ ቁጥር ስለ ስኳሩ የሚያወራበት ይቀንሳል። ይህ እውነት ነው፤ መልሱ ግን ጥያቄውን ከሐኪሙ ማውረድ ነው። ወረፋ በሚጠበቅበት ጊዜ አስተርጓሚው ወይም የጤና አስተማሪው በአምስት ደቂቃ ሊጨርሰው ይችላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንካራው ነው። ዜጎችን ከብርድ መጠበቅ የመንግሥት ግዴታ ነው፤ በጎ አድራጊዎች በገቡበት ቁጥር መንግሥት ይወጣል ይላል። በዲሴምበር 2022 የኒው ዮርኳን ቡፋሎ የመታው ውሽንፍር ይህን ወገን ይደግፋል። ቡፋሎ በምትገኝበት በኢሪ ካውንቲ ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱ ውስጥ አምቡላንስ ሊደርስላቸው ያልቻለ ነበሩበት። የጉዞ እገዳው የታወጀው በዲሴምበር 23 ቀን ጠዋት፣ ብዙ ሰው ሥራ ከገባ በኋላ ነበር። ብርድ ልብስ ያደለ ክሊኒክ ዘግይቶ የታወጀ እገዳን ሊያካክስ አይችልም። የአየር ትንበያ ሰምቶ ከሥራ መቅረት የማይችለውን የታክሲና የጭነት መኪና ነጂም ሊረዳው አይችልም። በጃንዋሪ 2022 በቨርጂኒያ ፍሬድሪክስበርግ አቅራቢያ በአውራ ጎዳና 95 ላይ በበረዶ ተይዘው ያደሩት ሰዎች ችግራቸው ምክር ማጣት አልነበረም፤ ሴናተር ቲም ኬይን ራሳቸው ዋሽንግተን ለመድረስ 27 ሰዓት ፈጅቶባቸዋል።

ሦስተኛው አቋም መታመን ካለበት ቦታ ሁሉ መጀመር ይገባል የሚል ነው። በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ እና አማርኛ የሚናገር ነርስ ዓይን ለዓይን እያየ የሚናገረው አንድ አይደሉም።

በእኔ እምነት ሁለተኛውና ሦስተኛው ወገን የሚጣሉበት ምክንያት የለም። ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። መጠለያ መክፈት፣ መንገድ መጥረግ፣ አከራዩ ደወል እንዲሰቅል ማስገደድ የመንግሥት ነው። ማን ቤት ውስጥ ከሰል እንዳለ፣ ማን ለብቻው እንደሚኖር፣ የማን መድኃኒት ሐሙስ እንደሚያልቅ የሚያውቀው ግን ክሊኒኩ ነው። መንግሥት ይህን ዕውቀት በገንዘብ ቢደግፈው፣ ልክ እንደ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ያለ አስተዳደር የሕክምናውን ወጪ እንደሚደጉም ሁሉ፣ ግዴታውን ተወጣ እንጂ ከግዴታው አልሸሸም። የሚያሳስበኝ ሥራው ያለ ድጎማ በክሊኒኮቹ ላይ ሲጫን ነው።

ጫናው ወዴት ያመራል?

ምልክቶቹ ጫናው እንደሚጨምር ያሳያሉ። በጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ትልቁ የታክስና የወጪ ሕግ እስከ 2034 ድረስ 10 ሚሊዮን ያህል ተጨማሪ ሰዎችን ያለ መድን እንደሚያስቀር የኮንግረሱ የበጀት ጽሕፈት ቤት ገምቷል። ከዚሁ ሕግ ውስጥ አማርኛ ተናጋሪውን በቀጥታ የሚነካው፣ ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ስደተኛነታቸው የታወቀላቸውና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች ግሪን ካርድ እስኪያገኙ ድረስ ከሜዲኬይድ እንዲወጡ የሚያደርገው አንቀጽ ነው። ቀኑ ብርዱ ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው መሆኑን ልብ ይሏል። ከዚህም በላይ መድን በራሳቸው ለሚገዙ ሰዎች ይሰጥ የነበረው ተጨማሪ ድጎማ በ2025 መጨረሻ አብቅቷል።

በማሞቂያው በኩልም እንዲሁ ነው። ከ1981 ጀምሮ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች የማሞቂያ ወጪ የሚደጉመው «ሊሂፕ» የተባለው የፌዴራል ፕሮግራም 6 ሚሊዮን ያህል ቤቶችን ይረዳል። በኤፕሪል 2025 ፕሮግራሙን በዋሽንግተን የሚያስተዳድሩት ሠራተኞች ከሥራ ተሰናብተዋል፤ በዚያው ዓመት መኸር የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሲዘጉም ገንዘቡ ወደ ግዛቶች ሳይደርስ ዘግይቷል። የማሞቂያ ክፍያ ያቃተው ሰው ቤቱን ማሞቅ አይተውም፤ በሌላ ነገር ያሞቀዋል። ያ ሌላ ነገር ደግሞ ከላይ ያየነው ነው።

ከውሽንፍሩ ማግስት

በረዶው ከቆመ በኋላ የሚከፈተው ክሊኒክ ሥራውን የሚጀምረው ከስልክ ነው። አስቀድሞ የተዘጋጀው ዝርዝር ይወጣል፦ ለብቻቸው የሚኖሩ፣ ኢንሱሊን የሚወጉ፣ ኦክስጅን የሚጠቀሙ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ አራስ ልጅ ያላቸው። አንድ በጎ ፈቃደኛ ለእያንዳንዳቸው ይደውላል። ደዋዩ የማይታወቅ ቁጥር በሆነ ጊዜ ስልክ የማያነሣ ሰው ብዙ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ አስቀድሞ በታካሚው ስልክ ላይ በክሊኒኩ ስም መመዝገብ አለበት። ድምፁ በእንግሊዝኛ ከጀመረ የሚዘጉም አሉ። ስልኩን ያላነሣ ሰው ቤት ማን እንደሚሄድ፣ ጎረቤቱ ማን እንደሆነ፣ ቁልፉ ማን ጋር እንዳለ ደግሞ በኅዳር ወር ቅጹ ላይ ካልተጻፈ፣ በጥር ወር በዚያ ጠዋት ማንም ሊያውቀው አይችልም።